«ትወድቃለህ፣ ውረድ!»፦ ለመውደቅ የተሠራ ወለልና የወላጅ ፍርሃት

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ብርዱ ጠንክሮ፣ ፀሐይም ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መጥለቅ ስትጀምር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድርያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ሕፃናቶቻቸውን ይዘው የሚሄዱበት ይጠፋቸዋል። ሜዳው በረዶ ወይም ጭቃ ነው። አፓርታማው ጠባብ ነው፤ ከሥር ያለው ጎረቤት ደግሞ የሩጫ ኮቴ በሰማ ቁጥር ለሕንፃው አስተዳደር ስሞታ ያሰማል። በዚህ ጊዜ ከሚታሰቡት መፍትሔዎች አንዱ በስፖንጅ የተለበጡ መወጣጫዎች፣ ሸርተቴዎች፣ የመረብ መሰላሎችና በፕላስቲክ ኳስ የተሞሉ ገንዳዎች ያሉበት የቤት ውስጥ መጫወቻ ማዕከል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ባለ ስፍራ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ካሉ፣ ከልጆቹ ጩኸት በላይ ጎልቶ የሚሰማ አንድ የአማርኛ ቃል አለ፤ «ትወድቃለህ!»

ቃሉ ከፍቅር የሚወጣ ነው፤ ይህን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ከቦታው ጋር የማይስማማ ቃል ነው። ወለሉ በስፖንጅ የተሞላው፣ ምሰሶው የተጠቀለለው፣ ጠርዙ ሁሉ የተለበጠው ልጅ እንዳይወድቅ አይደለም፤ እንዲወድቅ ነው። ወድቆ እንዲነሣ፣ ተነሥቶም ከፍ ወዳለው ደረጃ እንዲሞክር ነው። ወላጅ የመግቢያውን ዋጋ ከፍሎ ከገባ በኋላ ልጁን ገና ከሁለተኛው እርከን ላይ «ውረድ» የሚለው ከሆነ፣ ገንዘቡን ያወጣበትን ነገር ራሱ እየከለከለ ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ የሚወድቅ ሕፃን መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህ ፍጥነት ወለሉ ኮንክሪትም ሆነ ስፖንጅ ያው ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ አካሉ ተጉዞ በሚቆምበት ርቀት ነው። ሕፃኑ በስፖንጁ ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ሰጥሞ ቢቆም በአማካይ የሚያርፍበት ጫና ከስበት ኃይል 10 እጥፍ ይሆናል። ያው ሕፃን ከያው ከፍታ፣ ስስ ምንጣፍ በለበሰ ኮንክሪት ላይ ወድቆ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም ግን ጫናው 300 እጥፍ ነው። ስሌቱ የሚከብድ አይደለም፤ የወደቀበትን ከፍታ ለቆመበት ርቀት ማካፈል ብቻ ነው። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ አባት ይህን ያለ ፊዚክስ ትምህርትም ያውቀዋል፤ መኪና በፍሬን ሲቆምና በግንብ ሲቆም ፍጥነቱ አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ግን አንድ አይደለም።

መሐንዲሶች ይህንኑ ወደ ደንብ ለውጠውታል። በአሜሪካ ኤኤስቲኤም በተባለው የደረጃዎች ድርጅት ሥር ለመጫወቻ ቦታ ወለል የወጣው ኤፍ 1292 የተሰኘ መመዘኛ፣ የራስ ቅል አምሳያ የሆነ ብረት ከመወጣጫው ቁመት ላይ እየተለቀቀ ወለሉ እንዲፈተሽ ያዛል። የሚለካው ከፍተኛ ጫና ከስበት ኃይል 200 እጥፍ መብለጥ የለበትም፤ የጫናውን መጠንና የቆይታውን ጊዜ አጣምሮ የሚያሰላው የራስ ጉዳት መለኪያም ከ1,000 ማለፍ የለበትም። በቤት ውስጥ ለሚተከሉ ለስላሳ መጫወቻዎች ደግሞ ኤፍ 1918 የተባለ የራሳቸው መመዘኛ አላቸው። በእነዚህ ደንቦች ውስጥ ያለ አንድ ጥቃቅን ነገር የመሐንዲስን አስተሳሰብ በደንብ ያሳያል። በመጫወቻ ዕቃ ላይ የሚተው ማንኛውም ክፍተት ወይ ከ9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማነስ፣ ወይ ከ23 ሴንቲ ሜትር ገደማ መብለጥ አለበት። በመካከል ያለው አደገኛ ነው። ሕፃን በእግሩ በኩል ሲሾልክ ቀጭኑ ገላው ያልፍና ጭንቅላቱ ይያዛል፤ በዚያ ዕድሜ ራስ ከቀሪው ሰውነት አንጻር ትልቅ ነውና።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። በገጠር ያደገ ሰው እህል ተወቅቶ ካበቃ በኋላ በአውድማው ዳር የሚከመረውን ጭድ ያስታውሳል። ልጆች ከክምሩ አናት ላይ እየዘለሉ ሲንከባለሉ ይውሉ ነበር፤ ጭዱም ልክ እንደ ስፖንጁ እየሰመጠ የማቆሚያውን ርቀት ያረዝምላቸው ነበር። የአዲስ አበባ ልጅም ቢሆን የጭዱ ምትክ አላጣም። ቤት በሚሠራበት ሁሉ ደጃፍ ላይ የሚፈሰው አሸዋ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ የዝላይ ሜዳ ነበር፤ ባለ ቤቱ እስኪያባርራቸው ድረስ። ዛሬ በአሌክሳንድርያ ፎቅ ላይ ሆኖ «ትወድቃለህ» የሚለው አባት ራሱ ከእነዚያ ክምሮች በአንዱ ላይ ሲዘል ያደገ ነው።

በሰሜን አሜሪካ ይህን ሐሳብ ወደ ንድፍ የለወጠው ከእንግሊዝ ወደ ካናዳ የተሻገረው ኤሪክ ማክሚላን ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ቶሮንቶ በሚገኘው ኦንታሪዮ ፕሌስ የልጆች መንደር ሲከፈት፣ ልጆች መላ አካላቸውን የሚወረውሩባቸውን ለስላሳ መጫወቻዎች ሠርቶ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1989 በካንሳስ ሲቲ የጀመረው ዲስከቨሪ ዞን ደግሞ ነገሩን በመላው አሜሪካ የተዘረጋ ንግድ አደረገው፤ ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ በ1996 ለኪሳራ ፍርድ ቤት አመለከተ። ንግዱ ቢወድቅም ሐሳቡ አልወደቀም። በአዲስ አበባ እንኳ የገበያ ማዕከሎች ውስጥ ለልጆች መጫወቻ ቦታ ማየት የተለመደ ሆኗል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ልጅን በማያስፈልግ አደጋ ላይ ከመጣል ቤት አስቀምጦ ማሳደግ አይሻልም ወይ? ጥያቄው ቤትን እንደ አስተማማኝ ቦታ ይቆጥራል፤ ስሕተቱም እዚያው ላይ ነው። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ መውጣት አለበት። ይህ ጠባይ ወይም ብልግና ሳይሆን የዕድሜው ሥራ ነው። መወጣጫ ካላገኘ ባለ መሳቢያውን ቁም ሳጥን ይወጣል፤ መሳቢያዎቹን እንደ ደረጃ ይረግጣቸዋል፤ ቁም ሳጥኑም በላዩ ካለው ቴሌቪዥን ጋር ይወድቅበታል። የአሜሪካ ምክር ቤት ስተርዲ የተባለውን ሕግ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ያጸደቀው በዚህ መንገድ ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች ለዓመታት ከወተወቱ በኋላ ነው። ከመስከረም 2023 ወዲህ የሚመረት ባለ መሳቢያ ሳጥን ልጅ ሲንጠለጠልበት እንዳይገለበጥ መፈተሽ አለበት። ነገር ግን በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ያለው ቁም ሳጥን ከጓደኛ የተወረሰ ወይም ከዚያ በፊት የተገዛ ነው፤ ከግድግዳው ጋር የሚያያዝበት የብረት ማሰሪያም ከነካርቶኑ ተጥሏል።

መስኮቱም አለ። በአሌክሳንድርያ ሴሚናሪ ሮድ አጠገብ እንዳሉት ረጃጅም ሕንፃዎች፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በከፍታ ላይ ይኖራሉ። በመስኮት ላይ ያለው የትንኝ መረብ ትንኝን እንጂ የልጅን ክብደት እንዲይዝ አልተሠራም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ልጅ ባለበት ቤት መስኮት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይከፈት የሚይዝ መቆለፊያ እንዲደረግበት ይመክራል። መስኮት ሥር የተጠጋ ሶፋ፣ ከስፖንጁ ቤት ከማንኛውም መወጣጫ ይልቅ አስፈሪ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ጥበቃው ራሱ ጉዳት የሚያመጣበት ጊዜ መኖሩ ነው። እናት ወይም አባት ሕፃኑን «ብቻውን ይፈራል» ብለው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሸርተቴ ይወርዳሉ። በአይዋ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት በአሜሪካ ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ ከ350,000 በላይ ሕፃናት በሸርተቴ ላይ እንደ ተጎዱ ገምቷል። ለታናናሾቹ የእግር ስብራት ዋነኛ ሆኖ የተጠቀሰው ምክንያትም ይኸው በጭን መውረድ ነው። መካኒኩ ግልጽ ነው። የሕፃኑ ጫማ የሸርተቴውን ጎን ወይም ወለል ሲይዝ፣ 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እግሩ ይታጠፍና ይቆም ነበር። ከኋላው 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲኖር ግን መቆም አይቻልም፤ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይገፋል፤ የሚጠመዘዘው ቀጭኑ የቅልጥም አጥንት ነው። ብቻውን የወረደው ልጅ ቢያለቅስ እንኳ እየሮጠ ተመልሶ ይወጣል። በጭን የወረደው ወደ ሆስፒታል የሚሄድበት ዕድል አለ።

ስለ ፍርሃት የተጠናውም ከተለመደው እምነት ጋር አይገጥምም። በኒው ዚላንድ ዳኒደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 የተወለዱ ልጆችን ለአሥርት ዓመታት የተከታተለው ጥናት፣ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመታቸው ድረስ ወድቀው የተጎዱ ልጆች በ18 ዓመታቸው ከፍታን ይበልጥ ይፈሩ እንደ ሆነ መርምሮ ነበር። የተገኘው ተቃራኒው ነው፤ እንዲህ ያለው መውደቅ በብዛት የተመዘገበው ከፍታን በማይፈሩት ላይ ነበር። በእርግጥ ደፋር ልጅ ቀድሞውኑ ብዙ ስለሚወጣ ብዙ ይወድቃል ማለት ይቻላል፤ ጥናቱ ይህን ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም። ያም ሆኖ የወደቀ ልጅ ፈሪ ይሆናል የሚለውን ግምት አይደግፍም። ኖርዌያዊቷ ተመራማሪ ኤለን ሳንድሴተርም ከባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው ጽሑፍ፣ ልጅ ከፍታንና ፍጥነትን በመጠኑ እየቀመሰ ካላደገ የሕፃንነት ፍርሃቱ ሳይለቀው ሊቀር እንደሚችል ተከራክራለች።

ይህ ማለት ስፖንጅ ሁሉን ይመልሳል ማለት አይደለም። መመዘኛው የሚጠብቀው ራስን ነው፤ ክንድ በስፖንጅ ላይም ሊሰበር ይችላል። ከለስላሳ መጫወቻው ጎን የሚተከለው ትራምፖሊን ደግሞ በስም ቢዛመድም በባሕርዩ ሌላ ነው። ስፖንጅ ጉልበትን ይውጣል፤ ትራምፖሊን ግን መልሶ ይወረውራል። ትልቁ ሲያርፍ ትንሹን ወደ ላይ ይተኩሰዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መግለጫ፣ ከትራምፖሊን ጉዳቶች ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጉት ከአንድ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ሲዘል የሚደርሱ እንደሆኑ አሳውቋል። የአሥር ዓመት ወንድምና የሦስት ዓመት እህት በአንድ ትራምፖሊን ላይ ሲዘሉ «ትወድቂያለሽ» ማለት በቦታው ነው።

ስለ ማተብም መነገር አለበት። መጫወቻ ቦታ ላይ የሚንጠለጠል ገመድ፣ የኮፍያ ማሰሪያም ሆነ የአንገት ሐብል፣ በመረብ ወይም በሸርተቴ አናት ላይ ተይዞ ልጅን ሊያንቅ ይችላል። የቀድሞው የጥጥ ክር ማተብ ጠንከር ብሎ ከተሳበ ይበጠስ ነበር። ዛሬ በብዙ ልጆች አንገት ላይ ያለው ግን የናይለን ገመድ፣ የቆዳ ጠፍር ወይም የብር ሰንሰለት ነው፤ እነዚህ አይበጠሱም። እምነቱን የሚነካ ነገር የለም፤ ወደ ቀድሞው ክር መመለስ፣ ወይም ከሸሚዝ ሥር አስገብቶ ሸሚዙን ሱሪ ውስጥ መክተት ይበቃል።

ጀርሙስ? ብዙ እናቶች ከመውደቁ ይልቅ የሚፈሩት ይህን ነው፤ የኳስ ገንዳውንም በጥርጣሬ ያዩታል። ፍርሃቱ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት፣ በጆርጂያ ግዛት የአካል ሕክምና ክሊኒኮች ውስጥ ካሉ የኳስ ገንዳዎች 31 የባክቴሪያ ዝርያዎችን አግኝቷል። ማዕከሉ ኳሶቹን በየስንት ጊዜው እንደሚያጥብ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው። ከመብላት በፊት እጅን በሳሙናና በውኃ ማስታጠብም ግድ ነው፤ በቦርሳ የሚያዘው የአልኮል ጄል ተቅማጥና ትውከት በሚያመጣው ኖሮቫይረስ ላይ ደካማ ነውና። ሆኖም ዋናው መከላከያ ኳሱ ላይ ሳይሆን በልጁ የክትባት ካርድ ላይ ነው። የኩፍኝ ቫይረስ የታመመው ሰው ከወጣ በኋላ እንኳ በተዘጋ ክፍል አየር ውስጥ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። በሚኔሶታ ክትባቱን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ የተሳሳተ ወሬ ተሰራጭቶ፣ የሶማሌ ማኅበረሰብ ሕፃናት የክትባት ሽፋን እ.ኤ.አ. በ2004 ከነበረበት 92 በመቶ በ2014 ወደ 42 በመቶ አሽቆለቆለ። በ2017 ኩፍኝ ሲገባ የተያዙት 75 ሲሆኑ አብዛኞቹ የዚያ ማኅበረሰብ ልጆች ነበሩ። ያው ወሬ በዋሽንግተን አካባቢ በሻይ ቤትም በስልክ ቡድንም በአማርኛ ይወራል።

በሌላው የሚዛን ወገን ያለው መቀመጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት፤ ከሁለት ዓመት በላይ ያለውም ከስክሪን ፊት ከአንድ ሰዓት በላይ መቀመጥ የለበትም። ይኸው መመሪያ ልጅ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ታስሮ እንዳይቆይ ሲመክር ከጋሪና ከወንበር ቀጥሎ የአሳዳጊን ጀርባ ይጠቅሳል። አንቀልባ ተነካ ብሎ የሚቆጣ ቢኖር አይፈረድበትም፤ ነገር ግን በአንቀልባ የታዘለ ልጅ ቢያንስ የእናቱን እርምጃ ይሰማል፤ ሰው ያያል፤ ድምፅ ይሰማል። ከመኪና ወንበር ወደ ጋሪ፣ ከጋሪ ወደ ሶፋና ታብሌት የሚተላለፈው ግን ቀኑን ሙሉ አንድም ነገር ሳይወጣና ሳይወርድ ይመሻል። ሁለቱም ወላጆች በፈረቃ በሚሠሩበት፣ አንዱ ሲገባ ሌላው በሚወጣበት ቤት ይህ የስንፍና ውጤት አይደለም። የድካም ውጤት ነው።

ለዚህም ነው የመግቢያው ዋጋ ጉዳይ ቀላል የማይሆነው። ክፍያው በልጅ ሲቆጠር የሦስት ልጆች እናት ለሁለት ሰዓት ጨዋታ የብዙ ሰዓት ደመወዟን ትከፍላለች። ነገር ግን ሁሉም ለስላሳ ወለል የንግድ አይደለም። የአሌክሳንድርያ ከተማ በኪንግ ስትሪት ላይ ባለው የቺንካፒን መዝናኛ ማዕከል ለትናንሽ ልጆች እንዲህ ያለ ክፍል አዘጋጅቷል። በሲልቨር ስፕሪንግ መሀልም ሞንትጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2024 ሰፊ የመዝናኛና የመዋኛ ማዕከል ከፍቷል። እነዚህ በነዋሪው ግብር የቆሙ ናቸው፤ ኢትዮጵያዊውም ግብር ከፋይ ነው። አማርኛ በአሌክሳንድርያና በሞንትጎመሪ ትምህርት ቤቶች ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ከኢትዮጵያ መጥተው የልጅ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ እናቶች በመጫወቻው በር ላይ የተለጠፈውን ደንብ በቋንቋቸው እንዲያነቡ መጠየቅ ትልቅ ነገር አይደለም። ሦስት መስመር ይበቃል፦ «ካልሲ ያድርጉለት። ሸርተቴ ብቻውን ይውረድ። ትራምፖሊን ላይ አንድ በአንድ ይዝለሉ።»

ከካውንቲው በፊት ግን የራስ አዳራሽ አለ። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድርያ ዙሪያ ኢትዮጵያውያን የገዟቸውና የተከራዩዋቸው የእምነት ቤቶች፣ የማኅበርና የእድር መሰብሰቢያዎች፣ ሰርግና ለቅሶ የሚስተናገድባቸው ሰፋፊ አዳራሾች አሉ። በእነዚህ ሁሉ ስብሰባ ላይ ልጆች በወንበሮች መካከል ይሯሯጣሉ፤ ይቆጣሉ፤ በመጨረሻም ስልክ ተሰጥቷቸው ጸጥ ይላሉ። ለአንድ ጥግ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የጂምናስቲክ ስፖንጅ ፍራሾች፣ ከአንድ ልጅ ጉልበት እስከ ደረት የሚደርሱ ጥቂት የተለበጡ ብሎኮችና አንድ አጭር ሸርተቴ ይበቃሉ። ጥጉ ከመስኮትና ከኤሌክትሪክ ሶኬት ይራቅ፤ ሽፋኑ በሳሙና የሚታጠብ ቆዳ መሰል ይሁን፤ በአጠገቡም ስልኩን ኪሱ ያስገባ አንድ አዋቂ በተራ ይቀመጥ። ፍራሹ ታጥፎ ግድግዳ ላይ ስለሚደገፍ ለሰርጉ ጭፈራ ቦታ አይነሣም።